የዊላ ኤቤር ስም በወደቡ ላይ

የዊላ ኤቤር ድምፅ ዘፈን ነበር ወይስ ጩኸት? ኮራሊ ላንድሪ ይህን ጥያቄ በሰው አገር ስትጠየቅ ኖራለች፤ መልሱ ግን በሰው አገርም በአገሯም አልተገኘላትም።

ኤድንብራ ሙዚቃ ስትማር፣ የትውልድ ከተማዋ ፖርት ዴሎን መሆኑን የሰማ ሁሉ ዓይኑ ይበራ ነበር። «የዊላ ከተማ!» ይላል። ከዚያም ሳትለምነው የዊላን ዘፈን ይከፍትላታል። አብራት የምትኖረው ልጅ ያንን ድምፅ በሰማች ቁጥር ታለቅሳለች። የድምፅ አስተማሪዋ ደግሞ «ይቺ ልጅ ጉሮሮዋን በገዛ እጇ ያረደች ናት» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ኮራሊ ከሚያለቅሱት ጋር ስትሆን የምትወዳት፣ ከሚነቀንቁት ጋር ስትሆን የምትጠላት ትመስላለች። ብቻዋን ስትሆን ይብስባታል። ዘፈኑ ሲጀምር የክንዷ ፀጉር ይቆማል። እመሃሉ ሲደርስ «ኧረ ይቺን ሴት አንድ ሰው ዝም ያሰኝልኝ» ትላለች። ሲያልቅ ደግሞ መልሳ ከመጀመሪያው ትከፍተዋለች።

አሁን ትምህርቷን ጨርሳ፣ ሥራ ሳትይዝ፣ ትቆይ ትሂድ ሳታውቅ ወደ ፖርት ዴሎን ተመልሳለች። ሻንጣዋ ግማሹ ተፈትቷል፣ ግማሹ እንደታሰረ ነው። የመለሳት የአባቷ ሕመም ነው። ኧርል ላንድሪ ጉሮሮው ላይ የሐኪም ቢላ ካረፈበት ወዲህ ድምፁ ሹክሹክታ ብቻ ሆኗል። ያ ደግሞ ለወደቡ ትልቅ ጉዳት ነበር፤ ምክንያቱም በየዓመቱ በጀልባ ቡራኬ ቀን ስም የሚጠራው እሱ ነው። ሽሪምፕ የሚባለው ትንሽ የባሕር እንስሳ የሚጠመድበት ወቅት ሲከፈት፣ ቄሱ ጀልባዎቹን ከመባረካቸው በፊት፣ ከዚያ ወደብ ወጥተው ያልተመለሱ ሰዎች ስም አንድ በአንድ ይጠራል። ስም በተጠራ ቁጥር ወደ ባሕር በሚያወጣው ቦይ ላይ የተሰለፉት ጀልባዎች አንድ ረጅም ጥሩምባ ይነፋሉ። ዘንድሮ የሚጠራ ጠፋ ሲባል ሰዉ ሁሉ ወደ ኮራሊ ዞረ። «የተማረች ናት፤ አፏም የጠራ ነው» ተባለ። እሷም እሺ አለች፤ እምቢ ለማለት ምክንያት ስላላገኘች ነው እንጂ ወዳ አይደለም።

ስም የሚያስጠራ ሰው በወረቀት አይልክም፤ በስልክም አይናገርም። ራሱ ወደ ጠሪው ቤት መጥቶ ወጥ ቤት ይቀመጣል። ስሙን ይናገራል። ጠሪው መልሶ ከተናገረው ሊጠራው ቃል ገባ ማለት ነው፤ መመለሻ የለውም። ጠሪው ካልፈለገ ዝም ይላል፤ እንግዳውም በበረዶ የቀዘቀዘ ሻዩን ጠጥቶ፣ ስለ አየሩ አውርቶ ይሄዳል፤ ቂም የለም። ኮራሊ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ግን ማወቅና በሰዓቱ አፍን መያዝ ለየቅል ነው፤ ብዙ ዓመት የኖረችው ሰው የተባለውን ሁሉ «እንዴት?» እያለ በሚደግምበት አገር ነው።

እማማ ዩላሊ ኤቤር የመጡት በማክሰኞ ቀን፣ አንድ ባልዲ ሙሉ ሸርጣን ይዘው ነው። ዕድሜያቸው ሰማንያ ቢያልፍም ባልዲውን ራሳቸው ተሸክመውታል።

«ኧርል፣ ዛሬም እንደ ሌባ ነው የምታወራው?» አሉ ገና ከበሩ።

«ሌባስ ብሆን አንድ ነገር በተረፈኝ» አለ አባቷ በሹክሹክታው።

ተቀመጡ። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። «ስም ይዤ መጥቻለሁ።»

ኮራሊ ፈገግ አለች። የእማማ ዩላሊ ባል ጋሽ ሌኦንስ ከነመረባቸው የሰጠሙ ካፒቴን ናቸው፤ ስማቸው በየዓመቱ ይጠራል። «ለጋሽ ሌኦንስማ መድከም አልነበረብዎትም እማማ፤ አልረሳቸውም።»

«የሌኦንስን አይደለም። የዊላን ነው።»

«ዊላ?» አለች ኮራሊ።

አባቷ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ድምፅ ቢኖረው ይጮህ ነበር። «አልሽው!»

«ምኑን?»

«ስሙን መልሰሽ አልሽው!»

«ጠየቅሁ እንጂ አባዬ! እንዴ! ደንግጬ እኮ ነው!»

«ተባረኪ ልጄ» አሉ እማማ ዩላሊ። ፊታቸው ላይ ተንኮል ይኑር አይኑር ኮራሊ ልታውቅ አልቻለችም።

ባልዲው ውስጥ ሸርጣኖቹ ይቧጭራሉ። ዊላ የእማማ ዩላሊ ብቸኛ ልጅ ነበረች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከዚህ ከተማ ወጥታ ዓለም የሚያውቃት ዘፋኝ ሆነች፤ ሃያ ሰባት ሳይሞላት ከዚህ ርቃ፣ ሆቴል ክፍል ውስጥ ሞታ ተገኘች፤ እዚያው ተቀበረች። ሠላሳ ዓመት ሆነው። በፖርት ዴሎን ስሟ ሲነሳ ግን ትናንት የሞተች ነው የሚመስለው፤ ሰው ይጣላበታል።

«እማማ» አለች ኮራሊ፣ «እርስዎ ዘፈኗን ይወዱታል?»

«እኔ? አንዱንም እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም። ሲጀምር ምድጃውን ልይ ብዬ እነሳለሁ።» ሻዩን በማንኪያ አማሰሉ። «ትንሽ ልጅ ሳለች ትኩሳት ይዟት ነበር። በዚያ ድምፅ ነው የጮኸችው፤ በዚያው ድምፅ። በኋላ በራዲዮ ስሰማው ሰው ይጨፍርበታል። እኔ ባዶ እግሬን የምሮጥለትን ጩኸት ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ቢራ ይዞ ይሰማዋል። እንግዲህ ያልገባኝ እኔ ነኝ ወይስ እነሱ?»

«ታዲያ ስሟ እንዲጠራ ለምን ፈለጉ?»

«ሌኦንስ የጠፋ ጊዜ አንድም ጀልባ ዝም አላለም። ለሷስ ምን እንደሚሉ ልስማ። ወይ ይነፉላታል፣ ወይ ዝም ይሉባታል። ከሚስቶቻቸው በገበያ የምሰማውን ጠግቤዋለሁ። የካፒቴኖቹን ልስማና አርፌ ልሙት።»

ወሬው እስከ ምሳ ሰዓት ወደቡን አዳረሰ። ኮራሊ በማግስቱ በረዶ ከሚሸጥበት ቤት አጠገብ ወዳለችው የእትዬ ቨርና ምግብ ቤት ስትገባ ጋምቦ የሚሉት የሽሪምፕ ሾርባ እንኳ በሳህን ላይ ቀዝቅዞ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ይከራከራል።

«በአውቶቡስ ነው የሄደችው!» ይላል ዱዌይን፣ ከነዳጅ ማጣሪያው ጡረታ የወጣው። «ስሙ የሚጠራው በጀልባ የወጣ ነው። በአውቶቡስ የወጣ ሁሉ ይጠራ ከተባለ የኔም ሚስት ትጠራ።»

«ያንተ ሚስትማ አውቶቡሱ እስኪመጣ መች ጠበቀች፤ በእግሯ ነው የሮጠችው» አለች ቨርና ከማብሰያው ዘወር ብላ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዱዌይን ግን አልተበገረም። «ሳቁ። ሙዚቃ ማለት ሰውን የሚያሳርፍ ነገር ነው። ያ ግን ቺንጋው የላላ ሞተር ነው። እዚህ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ የዘፈነች ቀን ትዝ ይላችኋል? ግማሹ ሕዝብ ጥሎ ወጣ።»

«አንተም ወጥተሃል።»

«እኔ? እስከ መጨረሻው ነበርኩ!»

«ካንተ ቀድሞ ኮፍያህ ነው የወጣው! አይቼሃለሁ።» ቨርና እጇን በመሐረቧ ጠረገች። «ስሚኝ ኮራሊ፤ እሱን አትስሚው። ከመጀመሪያው ባሌ ጋር ሳለሁ መኪናዬ ውስጥ እገባና፣ መስኮቱን ዘግቼ ከሷ ጋር እጮህ ነበር። እኔ ማውጣት ያቃተኝን እሷ ታወጣልኝ ነበር። እሷ ባትኖር ወይ አብጄ ነበር ወይ ገድዬው ነበር።»

ኮራሊ ለዱዌይን ራሷን ነቀነቀች፤ ለቨርናም ራሷን ነቀነቀች። ሁለቱም ልክ መሰሏት። እንደዚህ መሆኗ አናደዳት።

«እኔ እኮ ስሟን እጠራለሁ አላልኩም» አለች። «ደንግጬ ጠየቅሁ። ጥያቄ ቃል ይሆናል?»

«ከአፍ ወጥቷል አልወጣም?» ቨርና ባንኮኒውን መታች። «ካንቺ በፊት የነበሩት እንዲህ አላደረጉም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ!»

ተረቱን ጨርሳ ቀና ስትል ነው እማማ ዩላሊ በሩ ላይ ቆመው ያየቻቸው። በረዶ ሊገዙ መጥተው ነበር። ቨርና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አሉ እማማ ዩላሊ። «እውነቷን ነው። የወለድኩትስ ጠፍታለች። እንግዲህ የተናገርሽው እንዳይጠፋ አደራ፣ ኮራሊ።»

በረዷቸውን ይዘው ወጡ። ማንም ማንንም አላየም። ዱዌይን እንኳ ሳህኑን ነበር የሚመለከተው።

ጥግ ላይ ካፒቴን ኦቲስ ጊድሪ ለብቻው ተቀምጧል። «ሜይ ቤል» የምትባለው ጀልባ ባለቤት ነው። በወጣትነቱ ግን ዊላ በጋራዥ ውስጥ መዝፈን ስትጀምር ጊታር የሚመታላት እሱ ነበር። እሷ ስትሄድ ጊታሩ የት እንደገባ ሰው አያውቅም። ዘፈኗ በራዲዮ ሲመጣ ኦቲስ ተነስቶ ይወጣል። ጠልቶ ነው የሚሉ አሉ፤ አልችል ብሎ ነው የሚሉም አሉ። በአዳራሹ ቀን በሩ ላይ ቆሞ እንደነበር ሁሉም ይስማማል፤ አልገባም፣ አልሄደምም።

«አንቺ» አላት ኮራሊን፣ «ትወጃታለሽ?»

«ማንን?»

«ስሟን የምትጠሪውን።»

«አላውቅም ጋሽ ኦቲስ።»

«ባሕር ተሻግረሽ ሄደሽ ተምረሽ?»

«እዚያም አልነገሩኝም።»

የሳቀ መሰለ። ኮፍያውን አነሳ። «እሷ ብትሰማሽ ትስቅ ነበር።»

«በደስታ ነው ወይስ በንቀት?»

ኦቲስ ቨርናን በእጁ ተሰናብቶ ወጣ።

ኮራሊ ወደ ቄሱ፣ ወደ አባ ዱሴ ሄደች። ይከለክሉኛል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። አባ ዱሴን የቤተ ክርስቲያኑን ጓሮ ሣር ሲያጭዱ አገኘቻቸው። ወሬውን ሰምተዋል። «ልጄ፣ እኔ የምባርከው ጀልባ ነው» አሉ ማጨጃውን አጥፍተው። «ስሙ በጠሪውና በወደቡ መካከል ነው። አባትሽም አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አልጠየቀኝም።» ማጨጃውን መልሰው አስነሱ። በመንገዷ ላይ የዊላን ዘፈን በስልኳ ከፈተች፤ በጆሮዋ ብቻ። የእማማ ዩላሊን ትኩሳት ከሰማች ወዲህ ዘፈኑ ውስጥ የታመመች ልጅ ትሰማለች። ከዚያ ደግሞ የቨርናን የተዘጋ መስኮት ትሰማለች። የዊላን የራሷን ድምፅ ማግኘት አቃታት። ኮራሊ ዘፈኑን ጥላው የማትሄድ ናት፣ ይዛው የምትኖርም አይደለችም፤ ልክ እንደ ሻንጣዋ።

የቡራኬው ጠዋት ፀሐይ ነበር፣ ነፋስ ግን አልነበረም። ጀልባዎቹ በባንዲራና በወረቀት አበባ ተሸልመው ቦዩ ላይ ተሰልፈዋል። ቡራኬው እንዳለቀ ቀጥታ ወደ ባሕር ስለሚወጡ በረዷቸውን ጭነዋል፣ መረባቸውም ተዘጋጅቷል። ቁጥራቸው ጥቂት ያልሆነ እንግዶችም መጥተዋል፤ በየዓመቱ ዊላ ያደገችበትን ቤት ሊያዩ የሚመጡት፣ ፊቷ የታተመበት ሸሚዝ የለበሱት። ወሬው ደርሷቸዋል። አንዳንዶቹ ትንሽ ፈጣን ጀልባ ተከራይተው በሽሪምፕ ጀልባዎቹ መካከል ይሽከረከራሉ። እማማ ዩላሊ ከመድረኩ ሥር በሚታጠፍ ወንበር ላይ፣ ነጭ ጫማቸውን አድርገው፣ ቦርሳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

ኮራሊ ድምፅ ማጉያውን ይዛ መጥራት ጀመረች። ስም፤ ረጅም ጥሩምባ። ስም፤ ረጅም ጥሩምባ። በወጉ ሥርዓት ጥሩምባው ጸጥ ሳይል የሚቀጥለው ስም አይጠራም። «ሌኦንስ ዮሴፍ ኤቤር» ስትል ጀልባዎቹ ሁሉ ባንድ ላይ ሲነፉ የመድረኩ ሳንቃ ከእግሯ ሥር ተንቀጠቀጠ። እማማ ዩላሊ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ከዚያ ከፈቱትና ኮራሊን አዩዋት።

ኮራሊም እሳቸውን አየቻቸው። «ዊላ ማሪ ኤቤር።»

ዝም።

አንድ የባሕር ወፍ ጮኸ። ከእንግዶቹ አንዷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ኮራሊ ዝም አሉባት፣ ዝም አሉ፣ በቃ፣ ይሄ ነው መልሱ ብላ ወደሚቀጥለው ስም ልትሄድ አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ «ሜይ ቤል» ነፋች። አጭር። አጭር። አጭር። አጭር። አጭር።

ፖርት ዴሎን ውስጥ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። ረጅሙ ጥሩምባ ክብር ነው፤ በባሕር ላይ ደግሞ መጣሁ ማለት ነው። አምስት አጭር ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው፦ የምታደርገው ነገር አልገባኝም፤ ምን አስበህ ነው? ሁለት ጀልባዎች ፊት ለፊት ሲመጣጡ፣ አንዱ ወዴት እንደሚታጠፍ ሌላው ሲጠፋበት ይነፋል። በቡራኬ ቀን ሲነፋ የሰማ ሰው ካለ ከመቃብር ተነስቶ ይናገር።

ከዚያ ነገሩ ተደበላለቀ። ሁለት ሦስት ጀልባዎች ረጅሙን ነፉ። አንዱ ጀምሮ አቋረጠው። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ከከተማው ሰው አንዳንዱ ተቆጥቶ ዞረባቸው። ዱዌይን ኮፍያውን አውልቆ ነበር፤ ለክብር ይሁን ለሙቀቱ እግዜር ይወቅ። ቨርና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ከመድረኩ ላይ ሆኖ ሳቅና ልቅሶ አይለይም። ኮራሊ ጸጥታውን ጠበቀች፤ መች እንደመጣም አላወቀችም። ብቻ የሚቀጥለውን ስም ጠራች። አባ ዱሴ ውሃቸውን ረጩ። ጀልባዎቹም ተራ በተራ ወጡ።

እማማ ዩላሊ ከወንበራቸው አልተነሱም። ኮራሊ ወርዳ አጠገባቸው ተንበረከከች።

«አምስት ነው?» አሉ።

«አምስት ነው እማማ።»

«አጭር?»

«አጭር።»

«የኦቲስ ጥሩምባ ነው። አውቀዋለሁ፤ ሲጨርስ ሳል አለበት።» የቦርሳቸውን መቆለፊያ ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል። «ማንን ነው የጠየቀው? እኔን ነው? አንቺን ነው? ወይስ እሷን?»

«ማንንም አልጠየቀም!» አለ ዱዌይን ከኋላ። «ያቺ የእንግዶቹ ጀልባ ፊቱ ገባችበት። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ፊቱ? ከኋላው ነበረች!» አለች ቨርና። «ምን ዓይን አለህና!»

«ከጎኑ ነበረች» አለ ሌላ ሰው።

ኮራሊ አጠገባቸው ወደቆመው አባቷ ዞረች። ኧርል እጁን ዘረጋ። «እኔ ዩላሊን ነበር የማየው» አለ በሹክሹክታ። እሷም እንደዚያው፤ ጀልባዎቹን አላየችም።

«ዝም ቢሉ ይገባኝ ነበር» አሉ እማማ ዩላሊ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «ቢነፉም ይገባኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ የማደርገውን አውቄ ነበር። ይሄን ይዤ ምን ልሁን? ጠይቂልኝ።»

«ሲመለስ…»

«አሁን ጠይቂልኝ። ስልክ አይደለም እንዴ የያዝሽው?»

ኮራሊ እዚያው ተንበርክካ መጻፍ ጀመረች። መጀመሪያ የጻፈችው ረጅም ነበር፤ ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሸተታት፣ አጠፋችው። ሁለተኛው ወቀሳ መሰላት። ሦስተኛው ላይ የራሷን ጥያቄ ጨምራበት ነበር፤ የታዘዘችው የእሳቸውን ብቻ ነው ብላ እሱንም ቆረጠችው። የቀረውን ላከች። መድረሱን የሚያሳየው ምልክት ወዲያው መጣ። «ሜይ ቤል» ገና ከቦዩ አፍ አልወጣችም፤ የወረቀት አበባዋ ይታይ ነበር።

«መለሰ?»

«ገና ነው እማማ።»

ፀሐዩ እስኪከር ተቀመጡ። ጀልባዋ ነጥብ ሆነች፤ ከዚያ ነጥቡም ጠፋ።

ኦቲስ በዚያ የሽሪምፕ ወቅት ወደ ፖርት ዴሎን አልተመለሰም። ሽሪምፑን ከታች ባለ ሌላ ወደብ እንደሚያራግፍ ተሰማ፤ ዋጋው ስለሚሻል ነው ያሉ ነበሩ፤ ቨርና ግን ይህን ስትሰማ ከንፈሯን ትነክሳለች። ኮራሊም አልሄደችም። ለምን እንዳልሄደች የሚጠይቃት ሲኖር የአባቷን ጉሮሮ ታነሳለች። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ እማማ ዩላሊ ክንዷን ይይዟታል።

«መለሰ?»

«አልመለሰም እማማ።»

«እስቲ የጻፍሽለትን መልሰሽ አንብቢልኝ።»

ኮራሊ ስልኳን አውጥታ፣ በፀሐዩ በእጇ ጥላ ሠርታ ታነባለች። «ጋሽ ኦቲስ፣ እማማ ዩላሊ ናቸው የሚጠይቁዎት። ጥሩምባውን የነፉት ለዊላ ነው? ለሷ ከሆነ፣ ያልገባዎት ምኗ ነው? ይንገሩዋቸው፤ ቁጭ ብለው እየጠበቁ ነው።»

ከሥሩ ምንም የለም።